የቆንስሉን ወረቀት ያላስነካች

ዶርካስ ፔቲንጊል ወደ ዊስዌል ቤት ስትገባ እጇ ላይ ገና የሳርዲን ሽታ ነበር። ከልጅነቷ ጀምራ ታራት ኮቭ በተባለች የባሕር ዳር ከተማ የዓሣ ፋብሪካ ከሴቶቹ ጋር ተሰልፋ፣ የዓሣ ራስና ጭራ በመቀስ ስትቆርጥ፣ ቆርቆሮ ውስጥ ስትደረድር ኖራለች። ትምህርቷ ኮረብታው ላይ ካለችው ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት አላለፈም። ንባብ ግን ነፍሷ ነው። ዓሣ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እንኳ ሳታነበው አትጥልም። ይህን የሰሙት አሮጊቷ ሚስስ ዊስዌል፣ ዓይናቸው ጨርሶ ሲደክም አስጠሯት። የፈለጉት ቤት የምትይዝ ሴት ብቻ አልነበረም፤ የልጃቸውን ደብዳቤ የምታነብላቸውም ጭምር እንጂ።

ልጃቸው ኤለሪ ቆንስል ነበሩ። ከመጀመሪያው ታላቅ ጦርነት ማግስት ጀምሮ መንግሥት ከአንዱ የባሕር ማዶ ወደብ ወደ ሌላው ሲያዛውራቸው ኖሯል። ሚስትም ልጅም የላቸውም። እሑድ እሑድ ለእናታቸው ይጽፋሉ። የፖስታ መርከቧን በረዶ ካልያዛት በቀር ደብዳቤያቸው ቀርቶ አያውቅም።

«ስሚኝ ልጄ» አሏት አሮጊቷ በመጀመሪያው ቀን። «ኤለሪ ጨዋ ነው፤ ሲናደድ ግን ብዕሩ ይናከሳል። አንቺ ደግሞ ልታዝኚልኝ ትፈልጊ ይሆናል። አትዘኚልኝ። የጠፋው ዓይኔ ነው፤ ጆሮዬ ደህና ነው። የጻፈውን ሁሉ አንብቢልኝ።»

«ስድብ ቢሆንስ፣ እመቤቴ?»

«ስድብም ቢሆን ከነነጥቡ!»

ዶርካስ ይህን እንደ ቃል ኪዳን ያዘችው። የማታውቀው ቃል ሲገጥማት ቆም ብላ ፊደል በፊደል ትለዋለች እንጂ አትዘለውም። የአገሮቹን ስም እየሰማች ካርታ ላይ ፈለገቻቸው። ከታራት ኮቭ ርቃ የማታውቅ ሴት፣ ሰው የሚጓጓላቸውን ወደቦች በንባብ ዞረቻቸው። ለዚህም ማታ ማታ ስትጸልይ ፈጣሪዋን ታመሰግን ነበር።

ቆንስሉ ስለ ሹማምንትና ስለ ግብዣ ብዙም አይጽፉም። የሚጽፉት ቢሯቸው በር ላይ ስለሚሰለፈው ሰው ነው። ቤቱ ስለተቃጠለበት፣ አገሩ ከካርታ ላይ ስለጠፋችበት፣ ልጁን አዝሎ ቪዛ ስለሚለምን ሰው። ከአገር ቤት ደግሞ የሚገባውን ሰው ቁጥር ቀንሱ የሚል ትእዛዝ ይመጣል። ቆንስሉ ሕጉን በለጋስነት ይተረጉሙና ማኅተሙን ይመቱታል። አለቆቻቸው ተግሣጽ ይጽፉላቸዋል፤ ከትልቅ ወደብ ወደ ትንሽ፣ ከትንሽ ወደ ሌላ ትንሽ ያዛውሯቸዋል። እሳቸውም የተግሣጹን ግልባጭ «ትስቂበት እንደሆነ» እያሉ ለእናታቸው ይልካሉ።

አሮጊቷ በበኩላቸው ለዶርካስ እየነገሩ መልስ ያስጽፋሉ። መልሱም ያው የታራት ኮቭ ወሬ ነው። በቤተ ክርስቲያን መቀመጫ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን የባሕር ወጥመድ ገመዱ በሌሊት ተቆርጦ እንደተገኘ፣ ማን ጠጥቶ ከነፈረሱ ባሕር እንደገባ። ቆንስሉም ስለ እያንዳንዱ ሰው የሚገባውን አስተያየት ከመጻፍ አይቆጠቡም። የእናትም የልጅም ደብዳቤ ተጠራቅሞ፣ ቆንስሉ ጡረታ ወጥተው ሲመለሱ ሦስት ትልልቅ የመርከብ ሻንጣ ሞላ። እናታቸው ያኔ አርፈዋል። ዶርካስ ቤቱን እንደያዘች ቆየች፤ ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ በአንድ መከር ወራት ቆንስሉም አረፉ።

ኑዛዜያቸው አጭር ነበር። ቤቱ ለወንድማቸው ልጅ ለኦርሰን፣ የግል ወረቀታቸው በሙሉ ለዶርካስ ፔቲንጊል።

በታራት ኮቭ ሰው ሲሞት ወግ አለ። ከቀብር መልስ ቤተሰቡ ምድጃ ያነድዳል፤ የሟቹን ደብዳቤ ሁሉ ያቃጥላል። የሰው ጉድ ከሰው ጋር ይቀበር ነው ነገሩ፤ ለሟቹም እንደ ክብር ይቆጠራል። ዶርካስ ከመቃብር ስትመለስ ኦርሰን ኮቱን አውልቆ፣ እንጨት እየጨመረ አገኘችው። የዓሣ ፋብሪካው አሁን የእሱ ነው። በከተማው ጉዳይ ሁሉ የመጨረሻው ቃል ከእሱ አፍ እንዲወጣ ለምዷል።

«ዶርካስ፣ ቁልፎቹን አምጫቸው።»

«የምን ቁልፍ?»

«የሻንጣዎቹን ነዋ። ምድጃው ነዷል። እንደ ወጉ እንጨርሰውና ሁላችንም እንረፍ።»

«ወጉ የቤተሰብ ነው። ወረቀቱ የኔ ነው። ኑዛዜው ሲነበብ አጠገቤ ተቀምጠህ ነበር፤ ያውም ስታዛጋ።»

«አጎቴ በመጨረሻው ጊዜ አእምሮው ደክሞ ነበር።»

«ቤቱን ሲሰጡህም ደክሟቸው ነበር ማለት ነዋ!»

ኦርሰን ፊቱ ቀላ። «ቤቱ የኔ ነው፤ በቤቴ ውስጥ ያለውን...»

«እንግዲያው ቤቱን አቃጥለው፤ ያንተ ነው» አለችው። «ሻንጣዎቹን ግን እጅህ እንዳይነካቸው። ሱሪህን ሳጥብልህ ያደግህ ልጅ ነህና ዛሬ ልትቆጣኝ አትሞክር።»

በማግስቱ ከዊስዌል ቤት ወጣች። ጎረቤቷ አልማይራ ቢል የባሏን የእጅ ጋሪ ይዛላት መጣች። አልማይራ አፏ የማያርፍ፣ እጇም የማያርፍ ሴት ናት። ሻንጣውን እየገፋች «ጌታ ያሳይሽ፣ ድንጋይ ነው እንዴ የጻፉት እኚህ ሰውዬ?» አለች።

«ወሬሽን ነው የጻፉት። ከባድ እኮ ነሽ።»

«እኔ? ምን ብለው?»

«ግፊ፣ አልማይራ።»

የዶርካስ አባት ትተውላት ያለፉት ቤት ጀልባ መቆሚያው ዳር ያለ ጎጆ ነው። ባሕሩ ሲሞላ ውኃው ከወለሉ ሥር ገብቶ ይንሾካሾካል። ገና ክረምቱ ሳይጋመስ የደብዳቤዎቹ ጠርዝ ሻጋታ አወጣ። ከምድጃው በላይ ገመድ ወጥራ፣ በልብስ መቆንጠጫ እየሰቀለች ብታደርቃቸውም፣ አንዱን ስታደርቅ ሌላው ይረጥባል። ቀለሙ ውኃ ሲነካው እንደ እንባ ይዘረጋል። በዚህ ዓይነት ጥቂት ዓመት ከቆዩ ኦርሰን በእሳት ያላደረገውን ባሕሩ በውኃ ሊያደርገው ነው። የከተማው ቤተ መጻሕፍት ግን የድንጋይ ነው፤ ምድር ቤቱ ውስጥ እሳት የማይደፍረው ደረቅ ክፍል አለ። እዚያ ለማስገባት የከተማው ጉባኤ መወሰን አለበት። ዶርካስ በየቤቱ ዞራ ፊርማ አሰባሰበችና ጉዳዩን በጉባኤው አጀንዳ አስያዘች። ጥያቄዋ ከዚያ በፊት በዚያ አዳራሽ ከተጠየቀው ሁሉ ያነሰ ነበር፤ ከተማው ወረቀቶቹን በስጦታ ይቀበል፣ አንድም ገጽ አይቀነስ።

መጋቢት ላይ እንደየዓመቱ ሁሉ የከተማው ሰው አዳራሹን ሞላው። ረፋዱ በበረዶ ጠራጊ መኪናና በውሻ ግብር ጭቅጭቅ አለቀ። ምሳ ሰዓት ላይ የቤተ ክርስቲያኗ ሴቶች በምድጃ ያደረ ባቄላ፣ ጥቁር ዳቦና የፍራፍሬ ፓይ አቀረቡ። ዶርካስ ሳህኗን ይዛ ስትቀመጥ አንድ ዓሣ አጥማጅ ከማዶ ጠራት።

«ዶርካስ፣ እኔስ አለሁበት?»

«አለህበት።»

«ምን ተባልኩ?»

«ወረቀቱ ቤተ መጻሕፍት ሲገባ ሄደህ ታነባለህ።»

«እኔ እኮ ማንበብ አልወድም!»

«እንግዲያው ምን ያስፈራሃል?»

ገበታው በሳቅ ተናጋ። ዶርካስ ግን አየች፤ ከሳቁት ግማሾቹ ሳቃቸውን ቶሎ ነበር የዋጡት።

ከምሳ በኋላ ጉባኤውን የሚመሩት ሽማግሌው ካፒቴን ለሙኤል ኦርከት የእንጨት መዶሻቸውን መቱና የዶርካስን ጉዳይ አነበቡ። ወዲያው ኦርሰን ተነሣ።

«ክቡር ሊቀመንበር፣ አጎቴን እወደው ነበር። ስጦታውን እንቀበል ባይ ነኝ። ብቻ ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ አስቀድሞ ይመልከተው። የሞተን የሚያዋርድ፣ በሕይወት ያለውን የሚያሳዝን ነገር ካለ በጨዋ ደንብ ይነሣ። ሌላ ምንም አልጠየቅሁም።»

«ደገፍኩ! ደገፍኩ!» የሚል ድምፅ ከሦስት ማዕዘን ተሰማ፤ ጭብጨባም ተከተለ። ዶርካስ ተነሣች። ድምፅዋ ለሚስስ ዊስዌል ስታነብ የነበረው ድምፅ ሆነ፤ ያልጮኸ፣ ያልተዋጠም።

«ኦርሰን ዊስዌል የሚፈራውን ልንገራችሁ፤ ኮሚቴውም አይድከም። ከፊተኛው ጦርነት በኋላ ቆንስሉ ለዚህ አዳራሽ ጽፈው ነበር። አንድ የመርከብ አናጢ፣ ሚስቱና ልጆቹ ወደብ ላይ፣ ሜዳ ላይ ያድሩ ነበር። ቪዛ እንዲሰጧቸው የሚቀበላቸው ከተማ አስፈለገ። የፓስተሩ አሮጌ ቤት ያኔ ባዶ ነበር። እዚሁ አዳራሽ ተቀምጠን ጣሪያው ያፈስሳል ብለን መለስን። ማን ምን እንዳለ፣ ማን እጁን እንዳወጣ፣ ሚስስ ዊስዌል ለልጃቸው አስጻፉ። የጻፈችው ይቺ እጅ ናት።»

«ቆንስሉስ ምን አሉ?» ሲል አንድ ሰው ከኋላ ጮኸ።

«‹እማዬ፣ እነዚህ ሰዎች የሚያፈስስ ጣሪያ እንኳ የላቸውም ብለሽ ንገሪልኝ› አሉ።»

ከወጥ ቤቱ በር ላይ፣ ሽርጧን እንዳሸረጠች፣ አልማይራ ቢል ወደፊት መጣች። ስለ ጣሪያው ያኔ የተናገረው ማን እንደሆነ የምታውቅ ትመስል ነበር።

«ዶርካስ፣ የአባቴን ስም እዚህ ልታነሺ ነው?»

«ወረቀቱ ላይ አለ፣ አልማይራ። እዚህ አላነሣውም። ከዚያ ላይ ግን አልፍቀውም።»

«አያችሁ!» አለ ኦርሰን እጆቹን ዘርግቶ። «የሰው አባት መዘርጠጥ እንዴት ቀላል ነው! ስለ ራስዎ የተጻፈ ቢኖርበት፣ ሚስ ፔቲንጊል፣ እንዲህ ይደፍሩ ነበር?»

«አለበት እኮ።»

«ምን አሉ?»

«አለበት አልኩህ። አንድ በጋ ቆንስሉ ለዕረፍት መጥተው ሲመለሱ፣ ገና መርከቡ ላይ ሳሉ ጻፉ። ‹እማዬ፣ ያቺ የፋብሪካ ልጅ ቤቱን ዓሣ ዓሣ አሸተተችው። ስታነብም ቃሉን አንቃ ነው የምታወጣው። አሰናብቻትና የተማረች ቅጠሪ።› ይህን ለአሮጊቷ ማን ያነበበላቸው ይመስልሃል፣ ኦርሰን? በዚያ ቤት ከኔ ዓይን ሌላ የሚያይ ዓይን አልነበረም።»

ዶርካስ ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«ብዘለው አያውቁም ነበር። ምድጃውም አጠገቤ ነበር። ጌታ ምስክሬ ነው፣ ፊደሉ ዓይኔ ላይ ዋለለብኝ፤ ግን እስከ ፊርማው አነበብኩት። ሚስስ ዊስዌል ‹ሻይ አፍዪ፣ ከዚያ መልሱን ትጽፊያለሽ› አሉኝ።»

«ምን ብለው መለሱ?» አሉ ካፒቴን ኦርከት፤ ሊቀመንበር መሆናቸውን ዘንግተው።

«‹የምትባረርበትን ደብዳቤ ከነነጥቡ ያነበበችልኝን ልጅ ካሰናበትኩ፣ ከእንግዲህ የማንን አፍ አምናለሁ?› ሁለቱም ደብዳቤ ሻንጣው ውስጥ አለ። ሰው ሁሉ ያንብበው። እሑድ እሑድ ኃጢአተኞች ነን እያልን በአንድ ድምፅ እንጸልያለን፤ ሰኞ ሲሆን ማስረጃው ይቃጠል እንላለን። እኔ ለራሴ ያልቆረጥኩትን ለማናችሁም አልቆርጥም።»

ተቀመጠች። ጥቂት ሰዎች አጨበጨቡ፤ አንዲት አሮጊት መሐረቧን አወጣች። ካፒቴኑ ስለ ኮሚቴው ድምፅ ሲጠይቁ ግን እጅ በእጅ ላይ ተነሣ። ሲያጨበጭቡ ከነበሩትም አንዳንዶቹ ዓይናቸውን ወደ ወለሉ ጥለው እጃቸውን አወጡ። የኦርሰን ሐሳብ አለፈ።

«ክቡር ሊቀመንበር» አለች ዶርካስ እንደገና ተነሥታ፣ «ስጦታው የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው።»

«እንግዲያው አልሰጥም።»

«ድምፅ ተሰጥቶበታል እኮ!» ብሎ ኦርሰን ጮኸ።

«ከተማው መቀበልን መምረጥ ይችላል። መስጠትን የምመርጥ እኔ ነኝ። ኮሚቴህን ይዘህ ባዶ ሳጥን መርምር።»

ካፒቴን ኦርከት ሳቃቸውን በሳል ሸፍነው መዶሻውን መቱ። ዶርካስ ሻሏን አጣፍታ፣ በመካከላቸው አልፋ ወጣች።

ከዚያ ቀን በኋላ ዶርካስን ሰላም የማይላት ሰው በዛ። ወደ ዳቦ ቤቱ ስትገባ ወሬ ይቋረጣል። እሷ ግን ሌላ ሥራ ነበራት። በጎጆዋ ውስጥ ምድጃ ያለው አንድ ክፍል ብቻ ነው። አልጋዋን ወደ በሩ ኮሪደር አወጣች፤ ሦስቱን ሻንጣ ከመሬት ከፍ አድርጋ እሳቱ አጠገብ አስቀመጠች። እሷ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ ትንፋሿ እየጨሰ ታድራለች፤ ወረቀቶቹ ሞቋቸው ያድራሉ። ስትጸልይም «ጌታ ሆይ፣ እኔን ቢበርደኝ ግድ የለም፤ ደረቅ ነፋስ ላክልኝ» ትል ጀመር። አንድ ቀን ካፒቴን ኦርከት ሬንጅ የተቀባ ወረቀት በትከሻቸው ይዘው መጡና፣ እርጥበት እንዳያስገባ በባሕሩ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ በምስማር መትተውት ሄዱ። ዶርካስ ከኋላቸው ቆማ «ተመስገን» አለች።

አልማይራ ለሳምንታት ድርሽ አላለችም። ኋላ በረዶው ወደ ጭቃ መለወጥ ሲጀምር በሩን ሳታንኳኳ ገፍታ ገባች።

«አንብቢልኝ» አለች፤ ኮቷን አላወለቀችም።

«አልማይራ፣ ቁጭ በይ መጀመሪያ።»

«ቁጭ አልልም። አባቴ ያለውን አንብቢልኝ። ውሸት ነው ልልሽ ነው የመጣሁት።»

ዶርካስ ደብዳቤውን ቶሎ አገኘችው። የአልማይራ አባት ያሉት ተጽፎ ነበር። ‹እኔ ሰው አልጠላም፤ ጣሪያው ግን ያፈስሳል። እንግዳ አምጥቶ ከማራስ ይልቅ በሩቁ ማዘን ይሻላል።› አልማይራ ሰማች። ከንፈሯን ነከሰች።

«ውሸት ነው ማለት ትችያለሽ» አለች ዶርካስ። «አልቀየምሽም።»

«አልችልም። ‹እኔ ሰው አልጠላም፤ ግን...› ነገር ሲጀምር ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚለው። ድምፁ ራሱ ነው።» ጉንጯን በመዳፏ ጠረገች። «ድምፁን ረስቼው ነበር፣ ዶርካስ። ድገሚልኝ።»

ደገመችላት። አልማይራ በመጨረሻ ኮቷን አወለቀች።

«ስለ እኔስ ምን ብለዋል ሰውዬው?»

«ምላስሽን ከፋብሪካው መቀስ ጋር አመሳስለውታል።»

«እሱማ እውነት ነው። ቀጥዪ።»

ከዚያ ወዲህ ሌሎችም መምጣት ጀመሩ፤ መጀመሪያ ሲመሽ ተደብቀው፣ ኋላ በቀን። ባሏን ያጣች ሴት ባሏ በወጣትነቱ የሠራውን ጅልነት ሰምታ ስቃ ስቃ ሄደች። ያ ማንበብ አልወድም ያለው አጥማጅ ቆሞ ሰምቶ፣ ተሳድቦ ወጣ፤ በሳምንቱ ሚስቱን ይዞ ተመለሰ። የመርከብ አናጢው ቤተሰብ የት እንደደረሰ የሚጠይቁም ነበሩ። ከአንድ ወቅት ወዲህ ደብዳቤዎቹ ስለ እነርሱ አይናገሩም። ዶርካስም የማይናገሩትን አልጨመረችም፤ እዚያ ስትደርስ ወረቀቱን ጭኗ ላይ ታስቀምጣለች።

ክረምቱ ዞሮ ሲመጣ ያንኑ ጉዳይ፣ ያንኑ ቃል ይዛ ለሚመጣው ጉባኤ ፊርማ ልትሰበስብ ተነሣች። የመጀመሪያዋ ፈራሚ አልማይራ ሆነች፤ ብዕሩን ስትጫነው ወረቀቱ ሊቀደድ ነበር። ካፒቴን ኦርከት ፈረሙ። ባለፈው ዓመት እጃቸውን ለኦርሰን ካወጡት ጥቂቶቹ ፈረሙ፤ ሌሎቹ በር ዘጉባት። ዶርካስ አንድም ቤት ሳትዘል በመንደሩ ዞረች። በስተመጨረሻ ኮረብታውን ወጥታ የዊስዌልን ቤት በር አንኳኳች።

ኦርሰን ራሱ ከፈተ። ወረቀቱን አየ፤ እሷን አየ። ሻሏ ላይ በረዶ ተቆልሏል።

«አብደሻል?» አላት።

«ላስፈርምህ ነው የመጣሁት።»

«እኔን? አልፈርምም።»

«እሺ። በዓመቱ እመጣለሁ።» ዞራ ደረጃውን መውረድ ጀመረች።

«ዶርካስ!» ብሎ ጠራት። ድምፁ ያ የጉባኤው ድምፅ አልነበረም። «አባቴ... ወረቀቱ ስለ አባቴ ብዙ ይላል?»

«ብዙ ይላል።»

«ክፉ ነው?»

«ክፉም አለበት፣ ደግም አለበት። ናና ስማ። እሳቱ ነዷል፤ አንዲት ቃል አልዘልልህም።»

ኦርሰን ወረቀቱን አልፈረመም፤ በሩንም አልዘጋም። ኮቱን ሊያመጣ ወደ ውስጥ ገባ። ዶርካስ በረዶው ላይ ቆማ ጠበቀችው።